ባለቤትና ተሳቢ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣ ነበር። ልጁ በተማሪነቱ ዘመን በእኔ የግጥም ክፍለ ጊዜ የኋላውን ወንበር ይዞ የሚያንቀላፋ ነበር። አሁን አስጎብኚ ሆኗል፤ እንቅልፉም ለቆታል። እንግዶች እየያዘ ወደ አርባ ምንጭም፣ ወደ ባሌም፣ ወደ ዲላና ይርጋ ጨፌም ይመላለሳል።

"የጌዴኦ ሰው እኮ ሊያልፍለት ነው ጋሼ!" አለኝ ስኒውን እያስቀመጠ። "ዩኔስኮ በመስከረም 2016 መዝግቦታል። ፈረንጁ መንገዱን እስኪለምደው ነው እንጂ ሁለተኛ ላሊበላ መሆኑ አይቀርም።"

"የሚያልፍለት ማነው?" አልኩት።

"ባለቤቱ ነዋ!"

ከዚያ ጨዋታችን ወደ ነዳጅ ዋጋና ወደ መንገዱ መበላሸት ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቃሉ ላይ ቀረሁ። ብዙ ዓመት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው መጥፎ ልማድ አለው፤ ሰው ነገር ሲነግረው እሱ ቃል ይመዝናል።

"ባለቤት" መቼም ሸክሙ የበዛ ቃል ነው። ቤት ያለው ሰው ባለቤት ነው። ባልም ሚስትም "ባለቤቴ" ይባባላሉ። ወደ ሰዋስው ስንሄድ ደግሞ እዚያም ተቀምጦ እናገኘዋለን። "ካሳ በሩን ዘጋ" ብንል ካሳ ባለቤት ነው፤ በሩ ተሳቢ ነው። (ተሳቢ ስል ከጅቡቲ በሚመጣው መኪና ኋላ የሚጎተተውን ማለቴ አይደለም። ቢሆንም ከዚያም ብዙ አይርቅም።) ባለቤት አድራጊው ነው፤ ተሳቢ የሚደረግበት። ቤት ያለውና አድራጊው በአንድ ስም መጠራታቸው ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሳይገርመኝ ያለፈበት ጊዜ የለም።

ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ አሞራ ገደል ነው። እዚያ ልጆች ቁጭ ብለው ዓሣ ይበልታሉ። አባ ኮዳዎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፤ ጎብኚዎች ደግሞ ልጆቹንም አባ ኮዳዎቹንም እኩል ፎቶ ያነሳሉ። "ጎብኚው ልጁን ፎቶ አነሳው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በባለቤትና በተሳቢ ብንከፍለው ልጁ የት ላይ እንደሚወድቅ አንባቢ ራሱ ያየዋል። ልጁ ግን ሲመሽ ቢላዋውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱ ማንም አይከተለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ቤቱ ራሱ የሚጎበኝበት ሰው ነው። ምሳውን የሚበላበት፣ የሚታመምበት፣ ሚስቱን የሚያኮርፍበት ክፍል ለዓለም የተመዘገበበት ሰው። የዚህ ሰው ኑሮ ደኅና መሆን አለመሆኑ ቤቱ የእሱ ከመሆኑና ካለመሆኑ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሐዋሳ ለዚህ ጥያቄ ገና ልጅ ናት። ከተቆረቆረች ሰባ ዓመት አልሞላትም። እንግዳ ሐይቋን ሊያይ ይመጣል እንጂ የነዋሪዋን ሳሎን ብሎ የሚመጣ የለም። ጥያቄው የበሰለበት ቦታ ሌላ ነው። እኔም ነገሩን ያስተዋልኩት ሐረር ነው።

ጀጎል፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ባስገነባው ግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ 48 ሄክታር ላይ የሰፈረች ጥቅጥቅ ያለች ከተማ ናት። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች እንዳሏት ጽፎላታል። ጎብኚውን የሚማርከው ግን ከመስጊዱ ይልቅ ቤቱ ነው። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲያዩት ድፍን ግንብ ነው፤ ፊቱን ለመንገደኛ አይሰጥም። በሩን አልፈው ሲገቡ ግቢ ያገኛሉ፤ ከግቢው "ጊድር ጋር" ወደሚሉት ትልቁ ክፍል ይዘልቃሉ። ክፍሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት። መደቡ ሁሉ የራሱ ተቀማጭ አለው። አባወራው የት፣ ትልቅ ሰው የት፣ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን አጊጧል፤ መደቡ ቀይ ተቀብቷል። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም እንዲያስታውስ ነው ብለው አስጎብኚዎች ይነግሩሃል።

አንድ ቀን ጠዋት ከጥቂት ፈረንጆች ጋር ተደባልቄ ሁለት ቤት ገባሁ። ሁለቱም ቤቶች በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ያሉ፣ በአሠራርም መንታ የሚባሉ ናቸው።

የመጀመሪያው የአንዲት እናት ቤት ነው። ከእናታቸው የወረሱት ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ፤ ለሚያይም ያሳያሉ። መደቡ ላይ እያስቀመጡ፣ ስፌቱን እያወረዱ፣ ይቺን ያቺን አያቴ ነች የሰፋቻት እያሉ አንድ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫወቱን። በመካከሉ አዛን ተሰማ። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሱና "በሉ አሁን ሶላት ነው፤ የቀረ ካላችሁ በኋላ ትመጣላችሁ" ብለው በሚያምር ፈገግታ ከነካሜራችን አስወጡን። በሩም ተዘጋ። ከፈረንጆቹ አንዷ ደንግጣ ነበር፤ ከፍላለቻ! እኔ ግን ውስጤ ሲስቅ ተሰማኝ። "ሴትየዋ በሩን ዘጉ።" እንዲህ ያለ የጠራ ዓረፍተ ነገር ለክፍል ትምህርት እንኳ አግኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ነው። አስጎብኚያችን ሳያንኳኳ ነው ገፋ አድርጎ የገባው። እኔ ወደኋላ ስል አየኝና "ችግር የለም፣ ግቡ፣ የቀበሌ ቤት ነው" አለ። ውስጡ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገበታ ቀርበዋል። ትልቁ ክፍል በጣውላ ተከፍሎ ወዲያ ማዶ ሌላ ቤተሰብ ይኖርበታል። ከአምስቱ መደቦች ሦስቱ ብቻ ይታያሉ፤ የቀሩት ከጣውላው ባሻገር ናቸው። ጣሪያው ሥር ላስቲክ ተወጥሯል። አዛውንቱ ጉርሻቸውን ይዘው ተነሱ። እንድንቀመጥ ለመኑን፤ መቀመጫ ግን አልነበረም። ከፈረንጆቹ አንዱ ላስቲኩን ፎቶ አነሳ። ሲወጡ እኔ ቀረት ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ምን ቸገረ ልጄ፣ ለምደነዋል" አሉኝ። ጣሪያውን ለምን እንዳላሳደሱት ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ዛሬም አብሮኝ አለ፦ "የማን ብዬ? ባሳምረው የመንግሥት ነው፤ ቢበላሽ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አበው "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" ይላሉ። አስጎብኚው አዛውንቱን የሚንቅ ሰው አይመስለኝም፤ በጉልበታቸው ሰላም ብሏቸዋል። እሱ የገባው በሩ ላይ እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው ስለሌለ ነው። ቀበሌው ደግሞ ምሳ አይበላ፣ አይሰግድ፣ በሩ ሲገፋ አይደነግጥ።

እዚህ ላይ ግን ተማሪ ቤት እንደምንለው ነገሩን "አጠር ባለ መልስ" ማለፍ አይቻልም። እኚህ አዛውንት እዚያ ቤት ውስጥ እንዴት ገቡ? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ተፈቀደለት፤ የቀረው ተወሰደ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። የጀጎል ቤቶች በብዛት በዚህ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ አለፉ። ከባለቤቶቹ ወደ አዲስ አበባም ወደ ውጭ አገርም የተሰደዱ አሉ። ቤቱ ውስጥ የገባው ደግሞ ከሜዳ የመጣ ወራሪ አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ተከራይ ሆኖ በባለንብረት ፊት ሲሽቆጠቆጥ የኖረ ድሃ ነው። አዋጁ ለእሱ ትንሣኤ ነበር። ኪራዩ ወረደለት፤ ነገ ልቀቅ የሚለው ሰው ጠፋለት። አዛውንቱ ራሳቸው "አምስት ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ ደርግን ሰው ይርገመው፣ እኔ አልረግምም" ብለውኛል።

እንግዲህ ፍረዱ። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የሐረር ልጅ አያቱ የተወለዱባትን ክፍል በቱሪስት መጽሐፍ ላይ ያያል። እዚያች ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕፃን ተወልዷል፤ እሱም አድጎ አባት ሆኗል። ማንኛቸው ናቸው ባለቤት? ይህን ጥያቄ በካርታ ብቻ የሚመልስ ሰው ቢመጣ እጠረጥረዋለሁ። የሃምሳ ዓመት ኑሮም ባለቤት ያደርጋልና። ክፋቱ ያለው አዋጁ ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው አለመስጠቱ ላይ ነው። ከባለርስቱ ወስዶ ለማንም አልሰጠውም። ተከራዩ ርካሽ ጣሪያ አገኘ እንጂ ቤት አላገኘም። አይሸጠው፣ አያወርሰው፣ ሳያስፈቅድ ምስማር አይመታበት። በዚህ ላይ ቅርስ ሲሆን ሁለተኛ ፈቃጅ ይጨመራል፤ የቅርስ ሕጉ ያለ ፈቃድ ለውጥ አይወድም፤ አይፈረድበትም። ሁለት ፈቃጅ ያለበት፣ አንድም ጠጋኝ የሌለበት ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ምን እንደሚሆን የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ዝናብ ፈቃድ አይጠይቅ።

(ስለ ስምና ስለ ቤት ካነሳን አይቀር፣ ሐረር ውስጥ ዋናው የጉብኝት ቤት "የራምቦ ቤት" ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ እዚያ ስለመኖሩ ነገሩ አከራካሪ ነው፤ ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል። በሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ ለራምቦ ክፉ አልመኝም። ግን አንድ ሰው ላልኖረበት ቤት ስሙ ሲሰጥ፣ ሌላው ዕድሜውን በኖረበት ቤት ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ታሪክ ቀልደኛ ነው ያሰኛል።)

ከሐረር ያመጣሁትን ሐሳብ የሚያደናቅፍብኝ ግን ላሊበላ ነው። "ሰው የቤቱ ባለቤት ይሁን፤ ኑሮው ይቀናል" ብዬ እንዳልደመድም ላሊበላ እጄን ይይዘኛል።

በላሊበላ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሕዝብ ይኖር ነበር። ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ ባለ ፎቅ፣ የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች እስከዛሬ የሚታዩት ለዚህ ምስክር ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት፣ ነዋሪው ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ እየተነሣ ኩራኩር ወደሚባል አዲስ ሰፈር ተዛወረ። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። ፍሳሹ ወደ አለቱ ይሰርጋል፤ ጭሱ ይጎዳል፤ መጸዳጃ የለም፤ መንደሩ ጠቧል። ካሣም ተከፍሏል፤ ቦታም ተሰጥቷል። እንግዲህ በወረቀት ካየነው ሰዉ ከባለቤትነት ወደ ባለቤትነት ነው የተሻገረው። እንዲያውም ከጎጆ ወደ ቆርቆሮ፣ ካለማስረጃ ወደ ማስረጃ።

ነገር ግን የላሊበላ ሰው ቤቱ ምኑ ነበር? በገና ሰሞን በእግሩ ሳምንታት ተጉዞ የሚመጣውን ምእመን እግር የሚያጥብበት ደጅ ነበር። "የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ" ሲሉት "ቤት ለእንግዳ" የሚልበት። ሌሊት ቅዳሴው ከአልጋው ሳይነሣ የሚሰማው፣ ስትደክም ያረጀች እናት በዱላ ተደግፋ ቤተ ማርያም የምትደርስበት። ሻማና ጧፍ፣ ጠላና ዳቦ የሚሸጠውም እዚያው ደጅ ላይ ነው። ኩራኩር ላይ የተሰጠው ቦታ ይህን ሁሉ በካሬ ሜትር ሊተካው አይችልም። ካሣ ገማች ግድግዳ ይቆጥራል፣ በርና መስኮት ይቆጥራል፣ ዛፍ ይቆጥራል። ለቅዳሴ ድምፅ የሚሆን ዓምድ በቅጹ ላይ የለውም።

አንድ የማውቀው የዚያ አገር ሰው ነገሩን በቀልድ ነው የሚናገረው። "እኛን አስወጥተው ቤታችንን አስቀሩት" ይላል። እውነቱን ነው፤ ከክቦቹ የድንጋይ ቤቶች የተወሰኑት ሳይፈርሱ እንዲታዩ ተትተዋል። ጎብኚው "የላስታ ባህላዊ ቤት ይሄ ነው" ይባላል። ቤት አለ፤ ባለ የለም። ከቃሉ ግማሹ ቀርቷል።

በፍርድ እንዳልጨክን ሌላውንም ልናገር። በአዲሱ ሰፈር ውኃና መብራት ቀረበልን፣ ልጆቻችን ከጭስ ወጡ ብለው ደስ ያላቸው ጥቂት አይደሉም። እኔ ሐዋሳ ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን እየታጠብኩ ለሌላው ሰው የሣር ጎጆ ብመኝለት ነውር ነው። የከተማ ሰው ናፍቆት ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ጉልበት የሚከፈል ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ቧንቧው የሚመጣው ለመልቀቅ ለተስማማ ብቻ መሆን ነበረበት ወይ?

ከዚያ ደግሞ ክፉ ዘመን መጣ። በ2012 ኮቪድ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋን ረገጣት፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎብኚ ቀረ። በብድር ሆቴል የሠራ ሰው ባዶ አልጋ እየቆጠረ ባንክ ይፈራ ጀመር። አስጎብኚው ሥራ ፈታ። ያኔ ቤት በሁለት ተከፈለ፤ እንግዳ ካልመጣ ትርጉም የሌለው ቤትና፣ እንግዳ ባይመጣም ጓሮ ያለው፣ ጎረቤት ያለው፣ እድር ያለው ቤት። ሁለተኛው ዓይነት ቤት ለሰው ምን እንደሆነ በሰላሙ ጊዜ የሚያስተውል ፕሮጀክት አላየሁም።

ዓለምም ከዚህ አልተሻለም። ቻይና ውስጥ፣ አንሁዪ በተባለው ግዛት፣ ሺዲና ሆንግጹን የሚባሉ ሁለት ጎረቤታም ጥንታዊ መንደሮች አሉ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ቀን የዓለም ቅርስ ሆነዋል። በሺዲ የመግቢያ ቲኬቱን ለብዙ ዓመት ይዞ የነበረው የመንደሩ የራሱ የጋራ ድርጅት ነበር፤ ለየቤቱ ያካፍል ነበር። በሆንግጹን ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ የመጣ ኩባንያ ነው በሩን የያዘው፤ ነዋሪውም በድርሻው ሲከራከር ኖሯል። ልብ በሉ፤ ሆንግጹን ውስጥ ገበሬው ከቤቱ አልወጣም። ቤቱ የእሱ ነው፤ በሩ ግን የሌላ ነው። ሐረር ላይ ካየሁት ከአዛውንቱ የሚለየው ይቺን ታህል ነው።

ቬኒስ ደግሞ የተገላቢጦሹ። እዚያ አብዛኛው ቤት የግል ነው። ባለቤቶቹ ግን ቤታቸውን ለጎብኚ እያከራዩ ራሳቸው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከ170 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባት የነበረችው አሮጌዋ ከተማ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወርዳለች። በ2024 ደግሞ ለውሎ መጤው 5 ዩሮ መግቢያ ማስከፈል ጀመረች፤ ልክ እንደ ሙዚየም። ካርታ መያዝ ብቻውን ሰውን በቤቱ አያቆየውም ማለት ነው። የጀጎሏን እናት ሳስባቸው የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። ዛሬ ሁለት ክፍል አከራይተው በሦስተኛው ይሰግዳሉ። ልጆቻቸው ሦስተኛውንም ያከራዩና የቤቱን ቁልፍ ለዘበኛ ሰጥተው አዲስ አበባ ይገባሉ። ያኔ አዛን ሲሰማ በሩን የሚዘጋው ማነው?

እንዲያውም በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የተሻለ ያሰቡበት የመሰሉኝ ዶርዜዎች ናቸው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ፣ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር የሚረዝም ትልቅ ቅርጫት ነው። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ዓመት በዓመት እያጠረ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያረጃል። ከተፈለገ ደግሞ ሰው ተጠራርቶ ከነነፍሱ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቤቱ ግን የሰውየው ነው። የሌሎቻችን ቤት መሬቱን ትቶ መሄድ ስለማይችል ይህ ክፍፍል ወረቀት ላይ ይቀራል። የዶርዜው ቤት ይሄዳል! እንግዳ ሲመጣ ገብቶ ቆጮ ይቀምሳል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። ቤቱም ሰውየውም እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚሠሩት ሥራ አላቸው፤ ሽመና አለ፣ እንሰት አለ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ እየነገርኩት ሳለ ጸሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዶ ዘመም ብላለች። ጌዴኦን አስበዋለሁ። ከዚህ ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እዚያ የተመዘገበው ግንብ ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም። የሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የዕለት ኑሮ ነው። ዛፉ፣ ከዛፉ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ጎን እንሰቱ፣ ከእንሰቱ መሐል ጎጆው። የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋይ አጥር ማጠር ይቻላል። የሰውን ጓሮ ግን እንዴት አድርጎ ነው የሚታጠረው? ገበሬው ነገ ልጁ ሲያገባ ባሕር ዛፍ ልትከል፣ በቆርቆሮ ልክደን፣ እንሰቱን ነቅዬ ጫት ላድርገው ቢል የሚመልስለት ማነው? ሶንጎው ነው? ወረዳው ነው? ፓሪስ ያለው ቢሮ ነው? መልሱ አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት አስጎብኚው ሳያንኳኳ የሚገባበት ቀን ይመጣል።

"ጋሼ አበዙት" አለኝ ተማሪዬ። "እኔ ነገ አምስት ሰው ይዤ ወደ ዲላ ልወርድ ነው። ገበሬው ቤት ገብተው ቡና ይጠጣሉ፣ ይከፍላሉ። ማን ይጎዳል?"

"ገበሬውን ጠይቀኸዋል?"

"ለእያንዳንዱ ነገር እየተደወለ ይዘለቃል እንዴ! ያውቁኛል እኮ።"

"እስቲ ደውል።"

ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። የድሮ መምህርን እምቢ ማለት ስለሚያስቸግር ይሆናል፣ ስልኩን አወጣ። ለረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ ማዶ የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ተሰማኝ፤ የሚለው ግን አይሰማኝም። ተማሪዬ "እሺ አባባ... እሺ... እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ዘጋው።

"ለቅሶ አለብን አሉ" አለኝ። "ድንኳን ተተክሏል። በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን፣ ነገ እንግዳ አንቀበልም አሉ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ፈረንጆቹን ምን ልበላቸው? ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል።"

"ለቅሶ አለ በላቸው" አልኩትና ሁለተኛ ቡና አዘዝኩ።